የመምሬ ገሰሰ ደም፣ የወይዘሮ የሺ ጡት

ወረታ ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሰማዩ ደመና ነበር። ይህን የማነሣው ለጽሑፉ ማሳመሪያ አይደለም፤ ሥራውን ስለሚመለከት ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጤና መኮንን ፈንታሁን አንዲት ጠባብ ክፍል ከፍተው አስገቡኝና «ይኸ ጠረጴዛው ነው፣ ይኸ ማይክሮስኮፑ ነው፣ ያ ደግሞ መብራቱ ነው» አሉኝ። በጣታቸው ያሳዩኝ መስኮቱን ነበር።

የማይክሮስኮፑ እግር ሥር መስተዋት አለ። መስተዋቱ የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ላይ ይልካል፤ ብርሃኑ ስላይዱ ላይ ያለውን ደም አልፎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ከሌለች ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

«ደመና ሲሆንስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ደመና ሲሆን ፎገራ ላይ ወባ የለም» አሉ ጋሼ ፈንታሁን። «ሲገልጥ ተመልሶ ይመጣል።»

ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ገና የወጣሁ፣ ከኪሴ ጠመኔ የማይጠፋ ወጣት የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነበርኩ። ጠመኔው ለሁለተኛው ሥራዬ ነው። የገበሬ ማኅበራት መርጠው የሚልኳቸውን የጤና ወኪሎች በሳምንት አንድ ቀን በማኅበሩ አዳራሽ አስተምር ነበር። እውነቱን ልናገርና ከደም ይልቅ ሰሌዳ እወዳለሁ። ዛሬ ሙያውን ለምትማሩ ልጆች ይህን የምጽፈውም ያ አመል አልለቅ ብሎኝ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ጣት በአልኮል ይጠረጋል፣ በመውጊያ ይወጋል፤ አንዲት የደም ጠብታ ስላይድ ላይ ትደረጋለች፣ ትሰፋለች፣ ትደርቃለች። ከዚያ በጊምሳ ቀለም ትነከርና ታጥባ ትታያለች። ወባ ካለ በቀይ የደም ሴል ውስጥ እንደ ጣት ቀለበት ሆኖ ይታያል። ከዚህ ሌላ ሰገራና ሽንት እናያለን፣ የደም ማነስ እንለካለን። በዚህ አለቀ።

የፎገራ ሰው ግን በዚህ አለቀ ስትለው አያምንህም። ደም ከተቀዳ ሁሉም ነገር መታወቅ አለበት። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ ሙሽሪትን ይዘው መጡና ሁለቱ ልጆች በዝምድና ሰባት ቤት መራቃቸውን ከደሟ አይቼ እንድነግራቸው ለመኑኝ። አንድ ገበሬ ደግሞ በሬው ጠፍቶበት መጣ።

«የነዳብኝ ጎረቤቴ ነው እላለሁ፤ ደም አይተህ ንገረኝ» አለ።

«የጎረቤትህን ጣት ልውጋልህ?»

«ምን ሲደረግ? የኔን ውጋ እንጅ! የተበደልሁት እኔ አይደለሁም?»

በዚህ ዓይነት ስሜ ጠፍቶ «የደሙ የኔታ» ሆንኩ። የኔታ የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር መጠሪያ ነው። ሹመቱን ማን እንደሰጠኝ አላውቅም፤ አልጠላሁትም።

ጓድ መንበሩ የወረዳው ካድሬ ነበር። በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አይበልጥም፤ በድምፅ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። ለአጭር ትምህርት ውጭ አገር ተልኮ የቆዳ ጃኬት ለብሶ ተመለሰ፤ በፎገራ ሙቀት ላቡ በአገጩ እየወረደ ጃኬቱን አያወልቅም። በተመለሰ በሳምንቱ ሕዝቡን ለስብሰባ ጠራ። የቀረ ሰው ስለሚጠየቅ ገበሬውም ቄሱም ተገኘ።

ስለ ብዙ ነገር ተናገረ። ያን ጊዜ ለሜዳው አዲስ ስለነበረው ስለ ሩዝም ተናገረ፤ ሩዙን ማንም ልብ አላለውም። በመጨረሻ ግን እንዲህ አለ።

«ጓዶች! እዚያ አገር ከሴቲቱ ክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል። የጡት ነቀርሳ ይኑርባት አይኑርባት ከደሙ ይታወቃል። ልብስ ማውለቅ የለም! ማፈር የለም! የእኛም ወረዳ ላቦራቶሪ አለው፤ ከእንግዲህ ይሠራል!»

በስብሰባ ማጨብጨብ ልማድ ነው፤ ሰው እጁ ራሱ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን የሴቶቹ ወገን ሳይጀመርለት አጨበጨበ።

በገበያው ቀን በላቦራቶሪው በር ላይ ሴቶች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ሁሉም ደረታቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው አስረው አንድ ክንዳቸውን ገልጠዋል። ይህ መሣሪያ የጡት ነቀርሳ አያይም ብዬ አስረዳሁ።

«ጓዱ ያያል ብሏል እኮ» አለች አንዷ።

«ጓዱ ማይክሮስኮፑን አያውቀውም» ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ፈንታሁን በክርናቸው ጎሸሙኝ። ወደ ጓዳ ወስደው «ልጄ፣ ማይክሮስኮፕ ካድሬን አይቃወምም» አሉኝ። «ፀሐይ የለም በላቸው።»

ሲስተር ውዴ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ወጣችና «ጡቷ ላይ የሚጎረብጣት ነገር ያለባት ወደ እኔ ትግባ፤ ሴት ነኝ፣ በአንሶላ እጋርዳለሁ» አለቻቸው። ሁሉም ነጠላቸውን ይበልጥ አጠበቁና ወደ ገበያው ሄዱ። ደማቸውን ለመስጠት የቸኮሉት ደረታቸውን ላለማሳየት ነበር። ይህ ሲገባኝ የጓድ መንበሩ ወሬ አደገኛ መሆኑ ታየኝ።

ብዙም ሳይቆይ መምሬ ገሰሰ መጡ። ከጉማራ ወንዝ ዳር ካለ ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ንጹሕ፣ ጭራቸው ከእጃቸው የማትለይ። ብቻቸውን ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ቅዳ» አሉኝ።

«ምን ይሰማዎታል መምሬ?»

«እኔን ምንም። የሺን ነው።»

ወይዘሮ የሺ ባለቤታቸው ናቸው። ግራ ጡታቸው ላይ ሽምብራ የምታህል ነገር ወጣች፤ ሰነበተችና ባቄላ አከለች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ታጠቡ፣ አልቀነሰችም። ለማንም አላሳይም ብለው ምለዋል።

«ታዲያ እሳቸው የት አሉ?»

«ቤት ናት። አትመጣም።»

«ቢቀዳስ የሚቀዳው የሳቸው ደም አይደለም?»

መምሬ ገሰሰ እንደ ደካማ ተማሪ አዩኝ። «ስማ፣ በተክሊል በቁርባን የተጋባን ነን። ሁለት አይደለንም፣ አንድ ሥጋ ነን። ከእኔ ቅዳና የሷን እይ። ደም የፈሰሰው ካህን በዕለቱ መቅደስ እንደማይገባ ታውቃለህ፤ ለዚሁ ብዬ የቅዳሴ ሰሞኔን ለሌላ ቄስ ሰጥቼ ነው የመጣሁ። አታድክመኝ።»

ሰሌዳ አጠገቤ ስላልነበረ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ሣልኩ። «ይኸ እርስዎ ነዎት፣ ይኸ ወይዘሮ የሺ ናቸው። የእርስዎ ደም በእርስዎ ክብ ውስጥ ብቻ ይዞራል፣ የሳቸውም በሳቸው።»

ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱና ሁለቱን ክቦች በአንድ መስመር አገናኟቸው። «ይህቺን ረስተሃታል» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ለቄስ ሚስት አንዲት ናት። ብትሞትብኝ ሌላ ባገባ ክህነቴ ይቀራል። ሰው ለክህነቱ ፈራ ይለኛል። አይደለም። አገሩ ሁሉ መስቀሌን ይሳለማል፤ የምትሰድበኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ማን መሆኔን ማን ይነግረኛል?»

ይህን ሲሉ ጥርሳቸው ተንገጫገጨ። ስሜት መሰለኝ፤ ግንባራቸውን ስነካው እሳት ነው። ጣታቸውን ወጋሁ። ደግነቱ ፀሐይ ነበረች። ቀለበቱ በቀለበት ላይ ነው፤ ወባ።

ለሳቸው ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «በደምዎ ወባ ተገኝቷል። ይህ የእርስዎ ሕመም ነው፤ ስለ ወይዘሮ የሺ ጡት ግን ምንም አይናገርም። እሳቸው መጥተው በእጅ መዳሰስ አለባቸው፣ ምክንያቱም...» እያልኩ ምክንያቱን በሰፊው አስረዳሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። የወባ ኪኒናቸውን ክሎሮኪን ይዘው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

«ካልካቸው ውስጥ ስንቱን የሰሙ ይመስልሃል?» አሉኝ ጋሼ ፈንታሁን።

«ሁሉንም።»

«የመጀመሪያዋን ብቻ። ሌላው እንደ ረዥም ቅዳሴ ነው፤ በመቋሚያ ተደግፈው አሳልፈውታል።»

የጊምሳ ቀለም አልቆ ስለነበር ከዚያ በኋላ ጎንደር ተላክሁ። ቀለሙን ከተቀበልኩ በኋላ ተማሪ ሳለሁ ያስተምረኝ የነበረ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የጓድ መንበሩን ነገር ጠየቅሁት። ይሥቃል ብዬ ነበር፤ አልሣቀም።

«ውሸት አይደለም፣ ግን እንዳላችሁት አይደለም» አለኝ። ዕጢው ወደ ደም የሚለቃቸው ነገሮች አሉ፤ በትልቅ ላቦራቶሪ ይለካሉ። ዕጢው ትንሽ ሳለ ግን ብዙ ጊዜ መለኪያው ላይ አይወጡም። ነቀርሳ የሌለበት ሰውም፣ ጉበቱን የታመመ ለምሳሌ፣ ከፍ ብለው ይገኙበታል። «በሽታው የታወቀባትን ሴት ለመከታተል ይረዳል። ደህና የምትመስለውን ሴት ለመመርመር አይሆንም። ትንሽ እብጠት ያላትን ሴት ደምሽ ንጹሕ ነው ብሎ ወደ ቤት መላክ ደግሞ መግደል ነው» አለኝ።

በጭነት መኪና ስመለስ የርብ ወንዝ ድልድይ ላይ ደረስን። ውኃው ቡና መስሏል። ሹፌሩ «ጉና ተራራ ላይ ዘንቧል» አለ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል አየና «የምን ዝናብ! የፎገራ ከብት እየተሻገረ ነው» አለ። ወረታ እስክንገባ ሁለቱ ተከራከሩ። እኔ የሐኪሙን ነገር ለሰው የማስረዳበት ምሳሌ አገኘሁና ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት በሥራ ዘመኔ ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መምሬ ገሰሰ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ጋቢያቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ።

«መድኃኒቱን አልጨረሱም እንዴ?» አሉ ጋሼ ፈንታሁን።

«ጨረስነው እንጅ።»

«ጨረስነው?»

«ተካፈልነው። በአንድ ደም የተገኘ በሽታ መድኃኒቱም የጋራ ነው። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን የሺ።»

ጋሼ ፈንታሁን ወደ እኔ ዞረው የመጀመሪያዋን ብቻ ሰምተዋል የሚለውን በዓይናቸው ነገሩኝ። በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና አንዲት ረዥም ሴት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጥብቀው ገቡ።

«የትኛው ነው የደሙ የኔታ?»

«እኔ ነኝ እሜቴ።»

«የኔን ጡት በሱ ደም ያየኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ያየሁት የሳቸውን...»

«ወባ ነው ብሎ መራራ ኪኒን አስዋጠኝ! ጆሮዬ ጭው አለ፣ ሆዴ ተገለበጠ፤ ባቄላዋ ግን እዚያው ናት። ዕድሜ ልኬን በዚህ ሜዳ ወባ አይቻለሁ። ጡት ላይ ወጥቶ የሚቀመጥ ወባ አላየሁም!»

«የሺ፣ አንድ ሥጋ ነን ብዬ ነው እንጅ...» አሉ መምሬ።

ወይዘሮ የሺ ባላቸውን በሰው ፊት «እርስዎ» ነው የሚሉት። ያን ቀን ግን አንቱታው በር ላይ ቀረ። «አንድ ሥጋ! እነዚያን ሁሉ ልጆች ስወልድ የት ነበርክ? አንድ ቀን አማጥክ? ከደጅ ተቀምጠህ ዳዊት ትደግም ነበር! ምጡ የኔ፣ ዳዊቱ ያንተ። አሁንም እብጠቱ የኔ ነው፣ ወባው ያንተ። አትደባልቅብኝ!»

ጋሼ ፈንታሁን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል አይተውት እንደማያውቁ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ያዩት ጀመር። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ወይዘሮ የሺ ተቀመጡና ክንዳቸውን ገለጡ። «አሁን የራሴን ውሰድ። ልብሴን አላወልቅም። ጓዱ ያለውን እይልኝ።»

«እሜቴ፣ ይኸ መሣሪያ ወባ ያያል። የጡት ነቀርሳ አያይም።»

«ታዲያ ጓዱ ዋሸ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ዘመን በአዎንታ አይመለስም። «ነገሩ አለ» አልኩ። «ግን እንደ ጉማራ ነው። ጉማራ ሲደፈርስ ምን ትላላችሁ?»

«ጉና ላይ ዘነበ እንላለን።»

«ከብት ሲሻገርስ?»

«ያኔም ይደፈርሳል።»

«ጉና ላይ የአንድ ሰው ማሳ ጥጉ ትንሽ ቢናድስ? እናንተ ዘንድ ውኃው ይደፈርሳል?»

«የት ደርሶ!»

«ደምም እንዲሁ ነው። በሽታው ትንሽ ሳለ ደሙን አያደፈርሰውም። ሌላ ሕመም ደግሞ እንደ ከብቱ ያደፈርሰዋል። ደምዎን ጓዱ ያለበት አገር ድረስ ብንልከው እንኳ ንጹሕ ነው ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ውኃው ጠራ ማለት ማሳው አልተናደም ማለት አይደለም።»

አሰቡ። «ታዲያ የማሳው መናድ በምን ይታወቃል?»

«ወጥቶ በማየት።»

«ማሳው ደግሞ ይኸው» አሉና በነጠላው ላይ ደረታቸውን ነኩ።

«አዎ።»

«አንተ አታየውም።»

«እኔ አላይም። ሲስተር ውዴ ናት የምታየው።»

እጃቸው ነጠላው ላይ እንዳለ ቀረ። ቁጣው ከፊታቸው ጠፋ። «ጎንደር ትልኩኛላችሁ» አሉ። «አንበሳሜ የነበረችው የአክስቴ ልጅ እዚያው ጎንደር ሄዳ በሬሳ ተመለሰች። ቢላዋው ነው የገደላት።»

ጋሼ ፈንታሁን ከግድግዳው ዞሩ። ሣቃቸው አልቋል። «ስትሄድ ቁስሏ ምን ይመስል ነበር?»

«ፈንድቶ ነበር። ይሸት ነበር።»

«የእርስዎስ ፈንድቷል?»

«ባቄላ ናት አልኩ እኮ!»

«እንግዲያው ባቄላ ሳለች ይሂዱ። የአክስትዎን ልጅ የገደላት መቆየቷ ነው።»

ወይዘሮ የሺ ተነሡና አንሶላው ወደተጋረደበት ክፍል ገቡ። መምሬ ገሰሰ ወጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እየተንቀጠቀጡ ዳዊታቸውን ጮክ ብለው ጀመሩ። ከአንሶላው ጀርባ ድምፅ መጣ። «ቀስ ብለህ ድገም! ሲስተር የምትለኝን አልሰማሁም!»

ሲስተር ውዴ ስትወጣ ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም። «ጠንካራ ናት፣ ጠርዟ ወጣ ገባ ነው» አለች። «ብብታቸው ውስጥ ግን ምንም አላገኘሁም። ሳይውል ሳያድር ይሂዱ።»

የእኔም ተራ ደረሰ። የደማቸውን መጠን ለካሁ፤ አንሷል። ይህ ላቦራቶሪዬ የሚያውቀው ነገር ነው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ደም የሚሰጥ ሰው ይዘው መሄድ አለባቸው። ይህን ስናገር መምሬ ገሰሰ ከበረንዳው ሮጠው ገቡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ይኸው! ብዬህ አልነበር?»

«ወባ ያለበት ደም አይሰጥም መምሬ።»

በወባ እንደሳቸው ያዘነ ሰው አላየሁም። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሴቶች ልጆቻቸው ሩቅ አገር ተድረዋል፤ ሁለቱ ወንዶች ለውትድርና ተወስደዋል። የጎረቤት ሰው ይጠራ ተባለ። ደም ስጡ ሲባል ግን ያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ እርሻ ነበረው።

ይህን ስንነጋገር የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። ጓድ መንበሩ ሪፖርት ሊጠይቅ መጣ። ወረፋ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ግቢውን ሞልቶታል።

«የጡት ነቀርሳ የደም ምርመራው ምን ደረሰ?» አለ ከመኪናው ሳይወርድ።

ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። «አንተ ልጅ!»

«ጓድ በሉኝ እናቴ።»

«እሽ፣ ጓድ ልጄ። ደም የሚሰጡኝ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ፤ ስማቸውን መዝግበህ የላክሃቸው አንተ ነህ። አባታቸውን ወባ ጥሎታል። በስብሰባው ስለ ደም ያወራኸውም አንተው ነህ። በል ውረድና ደሜን ስጠኝ። ወይም አትውረድ፤ እኔው ልውጣና ጎንደር እንሂድ።»

ጓድ መንበሩ አፉን ከፈተ። ሕዝቡ ግን አጨበጨበ። ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ጭብጨባ ከተጀመረ ደግሞ መልሱ አንድ ነው።

በጓዱ ላንድሮቨር ወደ ጎንደር ስንሄድ ወይዘሮ የሺ ከፊት ተቀመጡ፤ መምሬ ገሰሰ አዲሱን ክሎሮኪናቸውን ጨብጠው ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ሆኜ ደገፍኳቸው። ጋሼ ፈንታሁን የላኩኝ እንድረዳ ነበር። መንገድ ላይ ጓድ መንበሩ ስለ ደም ዓይነት ጠየቀኝ፤ አስረዳሁት። የሰው ደም ሁሉ ለሰው ሁሉ አይሆንም፤ ዓይነቱ ካልገጠመ ይገድላል። «ካልገጠመ እመለሳለሁ ማለት ነዋ?» አለ ተስፋ ባለው ድምፅ።

ገጠመ። መርፌውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አስተኛነው። የቆዳ ጃኬቱን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የወይዘሮ የሺ ግራ ጡት ተቆረጠ። የወጣችው ባቄላ በማይክሮስኮፕ ታየች፤ ነቀርሳ ነበረች። ሐኪሙ በጊዜ መጥተዋል አለ። የቀዶ ሕክምናው ዕለት ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው የሚመላለሱት መምሬ ገሰሰ ዳዊታቸውን በእጃቸው ይዘው አንዲት ቃል አልደገሙም። ስትነቃ መጀመሪያ የምትሰማው ድምፅ ይኸ ይሁን ብለው ከአልጋው ራስጌ ቆመው ሲጀምሩ ወይዘሮ የሺ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቀስ» አሉ። መምሬ አለቀሱ።

ጓድ መንበሩ በሪፖርቱ ላይ በሽታው በደም ታወቀ ብሎ ጻፈ። ጋሼ ፈንታሁን አንብበው «የማን ደም እንደሆነ ቢጨመርበት» አሉና መለሱለት።

ከተመለሱ በኋላ መምሬ ገሰሰ ለብቻቸው ላቦራቶሪ መጡ። «አንድ ነገር አሳስቦኛል» አሉ። «እኔና እሷ አንድ ሥጋ ነን። አሁን በሷ ውስጥ የካድሬ ደም አለ። እኔ ምን ሆንኩ?»

«የቀይ ደም ሴል ዕድሜ አራት ወር ያህል ነው፣ መምሬ። ከዚያ በኋላ ከጓዱ አንዲት ጠብታ አትቀርም።»

«ተመስገን» አሉ። «እስከዚያ ስብሰባ ታበዛብኛለች ማለት ነው።»

ወይዘሮ የሺ ጠባሳቸው ሲድን ወንዛዬ ወረዱ። ፍል ውኃው ውስጥ በሴቶቹ መካከል ደረታቸውን ገልጠው ታጠቡና «እዩ፤ ከዚያ እናንተም ራሳችሁን ዳስሱ፤ የሚጎረብጥ ነገር ያገኘች ሲስተር ውዴ ዘንድ ትሂድ» አሉ። የሲስተር ውዴ አንሶላ በአገልግሎት ብዛት ተቀደደ፤ ሌላ ተገዛ። ወይዘሮ የሺ ደርግ ካለፈም በኋላ ባላቸውን ሲሰድቡ ረዥም ዘመን ኖረዋል።

ሙያውን ለያዛችሁ ልጆች የምለው ይህ ነው። ጡት ላይ ያለ እብጠት በደም አይፈለግም። በእጅ ይዳሰሳል፣ በሐኪም ይታያል፣ ናሙናው ተወስዶ ይመረመራል። እብጠት ያለባትን ሴት ደምሽ ንጹሕ ነው ብላችሁ ወደ ቤቷ አትመልሱ።